ሩሲያ ለመማር ለምትሄድ፦ ከሻንጣህ እስከ መጀመሪያው በረዶ

ካዛን የምትባል የሩሲያ ከተማ በገባሁ በስድስተኛው ሳምንት፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ፣ አንዲት የማላውቃቸው ባልቴት ጮኹብኝ። ጣታቸውን ወደ ጭንቅላቴ ቀስረው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከሚሉት ውስጥ የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ሻፕካ"። ኮፍያ ማለት ነው። እኔ ግን ያኔ ሌላ ነገር መሰለኝና ተናድጄ፣ አውቶቡሱንም ትቼ በእግሬ ዶርም ገባሁ። ማታ ለክፍሌ ልጅ ስነግረው ሳቀብኝ። "በዚህ ብርድ ባዶ ራስህን ቆመህ አይታ አዝናልህ ነው እኮ" አለኝ። እኛ ሰፈር ያሉት እትዬ እንትና "አንተ ልጅ፣ ብርድ ይመታሃል፣ ደረብ አድርግ!" ብለው እንደሚቆጡት ማለት ነው።

ይሄን ቀደም ብሎ የነገረኝ ቢኖር ብዙ ነገር ይቀለኝ ነበር። እዚያ አገር መጀመሪያ የሚቆጣህ ሰው ብዙ ጊዜ ኋላ የሚያግዝህ ሰው ነው። እኔ አንድ ዓመት ፖድፋክ (ቋንቋ የሚማሩበት የዝግጅት ዓመት ነው)፣ ከዚያ ዲግሪዬን እዚያው ካዛን ተምሬያለሁ። በራሴ ጥፋት የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልጻፍልህ። "አንተ" እያልኩ ነው የምሄደው፣ አንቺም ብትሆኚ ያው ነው።

1. ሳትሄድ፦ ስምህን አስተካክል

ፓስፖርትህ ገና ብዙ ዕድሜ ያለው ይሁን። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቢያንስ 18 ወር የቀረው ይጠይቃሉ። የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ለቪዛ ያስፈልጋል። ትራንስክሪፕትና ዲፕሎማህን አረጋግጠህ ያዝ። ይሄን ሁሉ ኤምባሲው ይነግርሃል። የማይነግርህ የስምህን ነገር ነው።

ሩሲያውያን ሦስት ስም አላቸው፦ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የቤተሰብ ስም። የአባት ስም ሲባል በትክክል የእኛው ነው። ኢቫን ፔትሮቪች ማለት የጴጥሮስ ልጅ ኢቫን ነው። ስለዚህ ከአውሮፓውያን ይልቅ እኛን ቶሎ የሚረዱን ይመስልሃል። ግን ፎርሙ ላይ የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን አለ፣ እኛ ደግሞ የለንም፤ አንዱ ወረቀት ላይ የአባትህ ስም ይገባበታል፣ ሌላው ላይ የአያትህ። በዚህ ላይ የእነሱ ፊደል አለ። ፀጋዬ የሚባል ልጅ እንውሰድ። አንዱ ተርጓሚ በአንድ "ፀ" ይጽፈዋል፣ ሌላው ከእንግሊዝኛው አይቶ "ትሰጋዬ" ያደርገዋል። "ሀ" የሚባል ድምፅ ስለሌላቸው ኃይሉ አንዴ "ኻይሉ" አንዴ "ጋይሉ" ይሆናል። ቪዛው ላይ አንድ፣ የፓስፖርቱ ትርጉም ላይ ሌላ፣ ባንክ ቤት ሦስተኛ። እነሱ ጋ አንድ ፊደል ከተለየ ሌላ ሰው ነህ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቪዛህ ላይ ስምህ በሩሲያኛ እንዴት እንደተጻፈ እየው፣ በትንሽ ወረቀት ገልብጠህ ቦርሳህ ውስጥ ክተት፣ ማንም ስምህን ሊጽፍ ብዕር ሲያነሳ ወረቀቷን አውጣ። ተርጓሚም ቢሆን፣ ኖተሪም ቢሆን፣ የባንክ ልጅም ብትሆን። አታፍር።

ፎቶ ተነስተህ ሂድ፣ 3 በ4፣ ብዙ ኮፒ። የማያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ይሁን፣ የሚያብለጨልጨውን ይመልሱብሃል።

2. ሻንጣ

ወፍራም ካፖርት ከአዲስ አበባ ገዝተህ አትሂድ። ከመርካቶ የተገዛ ወፍራም የሚመስል ጃኬት እዚያ የመስከረም ልብስ ነው። ኪሎህን ለበርበሬና ለሽሮ አስቀምጠው። ካልሲ፣ ሹራብ፣ የውስጥ ልብስ፣ አንድ ደህና ሱሪ ይበቃል።

ብር፦ ከመጋቢት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሩሲያ ውጭ የወጣ ቪዛና ማስተርካርድ እዚያ አይሠራም። ከዚህ ይዘህ የሄድከው ካርድ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሻግርህን በዶላር ወይም በዩሮ ጥሬ ገንዘብ ያዝ፣ ከባንክ የወሰድክበትንም ወረቀት አብረህ ያዝ። ኖቱ ንጹህ ይሁን። የተቀደደ፣ ማህተም ያለበት፣ የተጻፈበት ከሆነ ባንክ ቤት ፊታቸውን ያጠቁሩብሃል። መንገድ ላይ "ምንዛሪ" የሚልህን ሰው አትስማ፣ ባንክ ግባ። ቆየት ብለህ አካውንት ስትከፍት "ሚር" የሚባለውን የአገሩን ካርድ ይሰጡሃል። ከዚያ በኋላ ሰው ለሰው በስልክ ቁጥር ነው ብር የሚላላከው፣ ከቴሌብር ለወጣ ሰው አዲስ አይሆንበትም።

3. አውሮፕላን ማረፊያና ባቡር

ፓስፖርት ቼክ የምታደርገው ሴትዮ ፈገግ አትልም፣ አንተም ፈገግ አትበልላት። ከፓስፖርትህ ጋር አንዲት ትንሽ ወረቀት ትሰጥሃለች። "ሚግራጺዮንናያ ካርታ" ትባላለች። የመጣህበት ምክንያት "ኡቾባ" (ትምህርት) ተብሎ መሞላቱን እዚያው ቆመህ አረጋግጥ። "ጉብኝት" ከተባለ ኋላ ጣጣው ብዙ ነው። ደረሰኝ የምታክል ቀጭን ወረቀት ስለሆነች ብዙ ልጅ ይጥላታል። እስክትወጣ ድረስ ፓስፖርትህ ውስጥ ትኑር።

ትምህርትህ ሞስኮ ካልሆነ ባቡር ይጠብቅሃል። ወደ ካዛን የሚሄደው ከሞስኮ "ካዛንስኪ" ጣቢያ ነው፤ ጣቢያዎቹ የሚጠሩት በሚሄዱበት አቅጣጫ ነውና። አንድ አደባባይ ላይ ሦስት ጣቢያ ተደርድሯል፣ ስትጣደፍ እንዳትሳሳት። ርካሹ ባቡር "ፕላትስካርት" ነው፣ በር የሌለው፣ አልጋ በአልጋ የተደራረበበት። ሌሊቱን ሙሉ ትጓዛለህ። ሰዉ ከተቀመጠ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ዱባ አይሉት ኪያር፣ ሁሉንም ያወጣል፣ አንተንም "ብላ" ይልሃል። እንቢ ብትል ይደግሙሃል። ሀገርህ ያለህ ይመስልሃል። አንተም የምታካፍለው ነገር ይኑርህ፣ ዳቦ ቆሎ ይዘህ ከሆነ ያኔ ነው ሰዓቱ።

4. የመጀመሪያው ሳምንት፦ ወረቀት፣ ወረቀት፣ ወረቀት

በደረስክ በነጋታው ፓስፖርትህንና ያቺን ትንሽ ወረቀት ይዘህ የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሂድ። አድራሻህን ማስመዝገብ አለባቸው፣ "ሬጊስትራጺያ" ይሉታል። ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ የሥራ ቀን ሲቆጠር 7 ቀን ነው፣ ቢሮው ደግሞ ለራሱ ጊዜ ስለሚፈልግ ቶሎ አምጣ ይልሃል። "ትንሽ ልረፍና ሰኞ እሄዳለሁ" አትበል። ሌላ ከተማ ሄደህ ሆቴል አድረህ ስትመለስም ለቢሮው ንገር፣ ምዝገባው እንደገና ሊሠራ ይችላል። ከ90 ቀን በላይ ስለምትቆይ የሕክምና ምርመራ በ30 ቀን ውስጥ፣ የጣት አሻራ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ አለ። ፓስፖርትህን ሲወስዱብህ ኮፒና "ስፕራቭካ" ጠይቅ። ስፕራቭካ ማለት እንዲህ ነው ብሎ የሚመሰክርልህ ማህተም ያለበት ወረቀት ነው። አገሩ በስፕራቭካ ነው የሚኖረው። ፖሊስ መንገድ ላይ ወረቀት ሊጠይቅህ ይችላል፣ ኮፒ ሳትይዝ አትውጣ።

ቪዛህ መጀመሪያ አንድ መግቢያ ብቻ ያለው፣ አጭር ነው። ዩኒቨርሲቲው ነው የሚያራዝምልህ። ቀኑን ስልክህ ላይ መዝግብ፣ ሁለት ወር ሲቀረው አንተው ሂድና አስታውሳቸው።

ሲም ካርድ ድሮ ከመንገድ ገዝተህ የምታስገባው ነገር ነበር። ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለውጭ ዜጋ ሌላ ሆኗል። "ስኒልስ" የሚባል የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር፣ የመንግሥት አገልግሎት አካውንት፣ የፊትና የድምፅ ምዝገባ ይጠየቃል። ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ እናትህን "እንደደረስኩ እደውላለሁ" ብለህ አታስጨንቃት፣ በዶርሙ ዋይፋይ እጽፍልሻለሁ በላት። ፌስቡክና ኢንስታግራም ከ2022 ጀምሮ ተዘግተዋል፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ የዋትስአፕና የቴሌግራም ጥሪ ላይ ገደብ ተጀመረ፣ ከዚያ ወዲህም እየጠበቀ ሄዷል። በምን እንደምትገናኙ ሳትሄድ ተነጋገሩ።

ሰልፍ ላይ ደግሞ አንድ ነገር እወቅ። ቢሮ በር ላይ አሥር ሰው ተበታትኖ ተቀምጦ ታያለህ፣ ሰልፍ የለም። አለ! ገብተህ "ክቶ ፖስሌድኒ?" ብለህ ጠይቅ፣ የመጨረሻው ማነው ማለት ነው። አንዱ እጁን ያነሳል። "ያ ዛ ቫሚ" ትለዋለህ፣ ከአንተ ቀጥሎ ነኝ። አለቀ፣ ቦታ ይዘሃል፣ ሄደህ ውኃ ጠጥተህ መምጣት ትችላለህ። እኔ ይሄን ሳላውቅ የመጀመሪያ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆሜ፣ ከኋላዬ የመጣ ሁሉ እየገባ፣ ማንም ለምን እንደቆምኩ አልገባውም ነበር።

5. ዶርም፦ ሁለቱን ሴቶች አክብር

ማደሪያው በይፋ "ኦብሼዢቲዬ" ነው፣ ተማሪው ግን "ኦብሻጋ" ይለዋል። በሩ ላይ የምትቀመጠው "ቫኽቲዮርሻ" ናት፣ ብዙ ጊዜ ጡረታ የወጣች እናት፣ ሹራብ እየሠራች ሁሉን የምታይ። ከላይ ያለችው "ኮሜንዳንት" ናት፣ አልጋህን፣ ፍራሽህን፣ መጋረጃህን የሰጠችህ። መግቢያ ካርድህን ሁልጊዜ ያዝ። መቶ ጊዜ ብታይህም ካርድ ትልሃለች። ስትገባ ስትወጣ "ዝድራስትቩይቴ" በል፣ "ፕሪቬት" አትበል፣ እሱ ለጓደኛ ነው። እንደ እኛ "አንተ" እና "እርስዎ" አላቸው፤ "ቲ" እና "ቪ"። አማርኛ ተናጋሪ ስለሆንክ ይሄ በደምህ ያለ ነገር ነው፣ ሌሎቹ የውጭ ተማሪዎች ዓመት ይፈጅባቸዋል።

ወጥ ቤቱ የጋራ ነው። የጽዳት ተራ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ተራህን ብትዘል በቁጣ ሳይሆን በወረቀት ትቀጣለህ።

የወረቀቱን ነገር ላውራህ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡና አማረኝ። እናቴ የላከችልኝ ጥሬ ቡና ነበረኝ። የጋራ ወጥ ቤት ገብቼ በመጥበሻ መቁላት ጀመርኩ። ሽታው ሲያውደኝ ዓይኔን ጨፍኜ ቤቴ ሄድኩ። ጭሱን ረስቼዋለሁ። ጣሪያው ላይ ያለው ነገር ጮኸ፣ ዘጠኙም ፎቅ ጮኸ፣ ያ ሁሉ ተማሪ በነጠላ ጫማና በፒጃማ በረዶ ላይ ወጣ። ኮሜንዳንቷ መጥበሻውን እንደያዝኩ አገኘችኝ። ቢሮዋ ወሰደችኝ፣ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ፣ "ኦብያስኒቴልናያ ጻፍ" አለችኝ። ጥፋትህን በእጅህ ጽፈህ የምታስረዳበት ወረቀት ነው፣ ከትምህርት ቤት እስከ መሥሪያ ቤት ይጠቀሙበታል። በነበረኝ ሩሲያኛ ሦስት መስመር ጻፍኩ፦ "ቡና ሠራሁ። ቡናው ጭስ ሠራ። በጣም አዝናለሁ።" አነበበችው። ከንፈሯን ነክሳ ማህደር ውስጥ ከተተችው። በሳምንቱ ኮሪደር ላይ አስቆማ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "ከዚያ ቡና ተርፎሃል?" አለችኝ።

ስለዚህ ቡናውን ቤት አስቆልተህ፣ አስፈጭተህ ውሰድ። ጀበና እንዳይሰበር የምትፈራ ከሆነ "ቱርካ" የምትባል ረጅም እጀታ ያላት የቡና ማፍያ ማንኛውም ሱቅ አለች።

6. ብርዱ

በመጀመሪያ ቃሉን እንተወው። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው የሚታየን። የእነሱ "ዚማ" ሌላ ነገር ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይቆያል፣ ካዛን ላይ ከዜሮ በታች 25 የሚደርስበት ቀን አለ። ግን በጣም የሚበርድህ ጥር ላይ አይደለም። በእነሱ መስከረም መጨረሻ ነው። ማሞቂያው ከከተማ ነው የሚመጣው፣ አንተ አታበራውም፣ የሚለቀቀውም የቀኑ አማካይ ሙቀት ለ5 ተከታታይ ቀን ከ8 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው። እስከዚያ ድረስ ክፍልህ ውስጥ ጋቢ ለብሰህ ትቀመጣለህ። ጋቢ ውሰድ፣ አትርሳ። ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ውስጥ በካናቴራ ነው የምትሆነው፣ አየሩ ይደርቃል፣ አፍንጫህ ይደማል። እርጥብ ፎጣ ማሞቂያው ላይ ጣል።

ካፖርቱን እዚያ ግዛ፣ ጥቅምት ሳያልቅ። "ፑኾቪክ" በል፣ ላባ የተሞላ ነው፣ መቀመጫህን የሚሸፍን ይሁን፣ ኮፍያ ይኑረው። ጫማ ስትገዛ አንድ ቁጥር አስፍተህ ውሰድ፣ ምክንያቱም የሱፍ ካልሲ ይገባበታል፣ እግርህን ካጨናነቀው ደግሞ ውስጡ የሚያሞቅ አየር አይኖርም፤ ከታች ሶሉ ወፍራምና የተቦረቦረ ይሁን። ከውስጥ ጥብቅ ያለ ሙቀት የሚይዝ ልብስ ልበስ፣ "ተርሞቤልዮ" ይሉታል። ጥጥ ላብህን ይዞ ያቀዘቅዝሃል። ጣቶችህን አንድ ላይ የሚያስገባው ጓንት አምስት ጣት ካለው ይልቅ ያሞቃል። አለባበስህን ከጫማ ጀምረህ በካፖርት ጨርስ፤ ካፖርት ለብሰህ ውስጥ ከቆየህ ያልብሃል፣ ላብህን ይዘህ ከወጣህ አለቀልህ። ስልክህ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይሁን። ውጭ ስታወጣው 40 ከመቶ የነበረው ባትሪ ድርግም ይላል።

በረዶ ላይ እንደ ዳክዬ ነው የሚኬደው፣ አጭር አጭር እርምጃ፣ ጉልበት ለቀቅ። እጅህን ኪስ ውስጥ አትክተት። ከጣሪያ ጥግ ሥር አትሂድ፣ የተንጠለጠለው የበረዶ ዘንግ ይወድቃል። ቀይና ነጭ ሪባን ከተወጠረ ሌሎቹን ተከትለህ ዞር በል።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርህ ነገር። ካፖርትህን ስትገዛ የአንገቱን ውስጥ እይ። ትንሽ ማንጠልጠያ ክር አለች፣ "ፔቴልካ"። ዩኒቨርሲቲ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቲያትር፣ የትም ስትገባ ካፖርትህን "ጋርዴሮብ" አስረክበህ ቁጥር ትቀበላለህ። ካፖርት ይዞ ክፍል መግባት እንደ ነውር ነው። ያቺ ክር ከተበጠሰች ጋርዴሮብ ያለችው እናት በሰው ፊት ታስተምርሃለች። የእኔ የተበጠሰች ጊዜ ተቆጥታ ተቆጥታ፣ መጨረሻ ላይ "ስጠኝ ወዲህ፣ ልጄ" ብላ ከመሳቢያዋ መርፌ አውጥታ ሰፋችልኝ። ሆስፒታልና ክሊኒክ ደግሞ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ሰማያዊ ላስቲክ ይጠይቁሃል፣ ሁለት ጥንድ ቦርሳህ ውስጥ ይኑር።

ጨለማውንም ልብ በል። ታኅሣሥ ላይ ካዛን በእኛ 9 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች። ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት ውጣ፣ ባይመችህም።

በዚህ መሃል የሚያስቅህ ነገር አለ። እኛን "መስኮት ዝጋ፣ ነፋስ ይመታኛል" እያልን ታክሲ ውስጥ የምንታፈነውን የሚያሾፉብን አሉ አይደል? ሩሲያውያን ከእኛ ይብሳሉ። "ስክቮዝኒያክ" ይሉታል፣ በሁለት መስኮት መሃል የሚያልፍ ነፋስ። ሚነስ 20 ላይ አይስክሬም እየበሉ የሚሄዱ ሰዎች ያንን ነፋስ ይፈሩታል። ሴት ልጅ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠች ደግሞ አላፊ አግዳሚው ያስነሳታል።

7. ምግብና ጾም

"ስታሎቫያ" ማለት ትሪ ይዘህ የምትሰለፍበት ምግብ ቤት ነው። ርካሽ ነው። "ግሬችካ" የምትባለውን ቡናማ እህል ተለማመዳት። መጀመሪያ ጣዕም የላትም፣ በርበሬ ነስንስባት። "ኡክሮፕ" የሚባል ቅጠል ሁሉም ነገር ላይ አለ፣ ሾርባው ላይ፣ ድንቹ ላይ፣ አንዳንዴ ፒዛው ላይ። ካዛን ስትሆን የታታሮች (ብዙው ሙስሊም የሆነ ሕዝብ ነው) አገር ነውና "ኤችፖችማክ" አለልህ፣ ሥጋና ድንች የታጨቀበት ሦስት ማዕዘን ሳምቡሳ ብትለው ይገባሃል። ሃላል ሥጋም ካዛን ውስጥ እንደልብ ነው፣ ሙስሊም ልጆች እዚህ ከሌላው ከተማ ይልቅ ይቀላቸዋል። እንጀራ በየቤቱ በሙከራ ነው፤ ያላበላሸ የለም።

ለጾመኛ ሩሲያ ከተጠበቀው በላይ ምቹ ናት። የራሳቸው ዐቢይ ጾም ስላለ ምግብ ቤቶች "ፖስትኖዬ" ብለው የጾም ዝርዝር ይለጥፋሉ፣ የጾም ማዮኔዝ ሳይቀር አለ። ፋሲካችን አንድ ቀን ነው የሚውለው። አንድ ነገር ብቻ ይፈትንሃል። የእኛ ሁዳዴ 55 ቀን ስለሆነ ከእነሱ አንድ ሳምንት ቀድመን እንገባለን። ያ አንተ ዘወረደን የምትጾምበት ሳምንት ለእነሱ "ማስሌኒጻ" ነው፣ ከተማው በሙሉ ቅቤ የተቀባ ስስ ቂጣ የሚበላበት። ሽታው ከየቤቱ ይወጣል። አምላክ ይርዳህ።

8. ከሰው ጋር

በባዕድ ሰው ፊት ያለ ምክንያት ፈገግ አይባልም። ጥላቻ እንዳይመስልህ። ቤታቸው ስትገባ ሌሎች ሰዎች ናቸው። ቤት ከተጋበዝክ ባዶ እጅህን አትሂድ፣ ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ኬክ ወይም ቸኮሌት ይበቃል። አበባ ከያዝክ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፣ ሦስት ወይም አምስት። ሁለትና አራት ለቀብር ነው። በሩ ደፍ ላይ ቆመህ እጅህን አትዘርጋ፤ ወይ ግባ፣ ወይ እሱ ይውጣ። ጓንትህን አውልቀህ ጨብጥ። ጫማህን አውልቅ፣ ነጠላ ጫማ ይሰጡሃል። ቤት ውስጥ አታፏጭ፣ ገንዘብ ይሸሻል ይላሉ። የልደት ቀን ሳይደርስ "እንኳን አደረሰህ" ማለት ክፉ ገድ ነው፣ ጋባዡም ባለ ልደቱ ራሱ ነው። ስለዚህ የአንተ ልደት ሲደርስ ኪስህን አዘጋጅ።

ቮድካ ይቀርብልሃል። አልጠጣም ማለት ይቻላል፣ ግን አንዴ ብቻ፣ ቆፍጠን ብለህ። "እስቲ ትንሽ" ካልክ ሌሊቱ አያልቅም።

ሰዓት ደግሞ። ሞስኮና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ካዛንም እንደዚያው። ቤት ለመደወል ይመቻል። አቆጣጠሩ ግን ያው የፈረንጅ ነው። አንድ ሩሲያዊ ጓደኛዬ "ነገ ሦስት ላይ ና" አለኝ። ሦስት ሰዓት ተነስቼ ሄድኩ፣ ጠዋት። በሩን የከፈተልኝ በፒጃማ ነው። ምንም አላለም፣ ሻይ ጣደ።

9. ክፍል

አንድ ክፍለ ጊዜ "ፓራ" ይባላል፣ 90 ደቂቃ ነው። መምህርን በስምና በአባት ስም ነው የምትጠራው፣ "ማሪና ሰርጌየቭና" ብለህ። ፕሮፌሰር ብሎ መጥራት ያስቃቸዋል። የመጀመሪያ ቀን የሁሉንም ስም ጽፈህ ያዝ። ነጥብ ከ2 እስከ 5 ነው። 5 ምርጥ፣ 2 ወደቅህ። የወደቅከው ፈተና "ኽቮስት" ይባላል፣ ጭራ። ጭራህን ይዘህ ወደ ሚቀጥለው ሴሚስተር ከገባህ መልሰህ ትፈተናለህ።

ፈተናው ብዙ ጊዜ በቃል ነው። ጠረጴዛ ላይ የተገለበጡ ወረቀቶች አሉ፣ "ቢሌት"። አንዱን ታነሳለህ፣ ላይዋ ያሉትን ጥያቄዎች ትንሽ ተዘጋጅተህ ፊት ለፊት ትመልሳለህ። የሚያድንህ መቅረት አለማብዛት ነው። ሁሌ የመጣ፣ የተሳተፈ ልጅ ሳይፈተን ነጥብ የሚያገኝበት ጊዜ አለ፣ "አፍቶማት" ይሉታል።

ልትገባ ስትል ጓደኛህ "ኒ ፑኻ፣ ኒ ፔራ" ይልሃል። መልካም ዕድል ነው። መልሱ "ስፓሲባ" አይደለም። "ክ ቾርቱ!" ነው፣ ወደ ሰይጣን ሂድ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ አፌ እንቢ አለኝ፣ ለደግ ምኞት እንዴት እንደዚህ ይመለሳል ብዬ አመሰገንኩ። ልጅቷ ደነገጠች፣ ገዱን አበላሸህ አለችኝ። አሁን በልቤ አማትቤ እላለሁ።

10. በዓል፣ እና አንድ ከባድ ነገር

ትልቁ በዓል ገና አይደለም፣ አዲስ ዓመት ነው፣ በእነሱ ታኅሣሥ 31 ሌሊት። ከዚያ እስከ ጥር 8 ድረስ አገሩ ይተኛል፣ ቢሮ ጉዳይ ካለህ ቀድመህ ጨርስ። ገና ከእኛ ጋር አንድ ቀን ነው፣ በእነሱ ጥር 7። ጥምቀት በእነሱ ጥር 19 ነው፣ በረዶውን ቆርጠው ውኃው ውስጥ ይጠልቃሉ። የሚቆርጡትን ጉድጓድ ምን እንደሚሉት ታውቃለህ? "ዮርዳን"። ዮርዳኖስ ማለት ነው። እኔ ጠርዙ ላይ ቆሜ ጃንሜዳን እያሰብኩ አይቻለሁ፣ አልገባሁም።

ከባዱ ነገር። አገሩ ጦርነት ላይ ነው፣ የውጭ ዜጋም ከሠራዊቱ ጋር ኮንትራት መፈረም ይችላል። "ቀላል ሥራ፣ ብዙ ብር፣ ፈጣን ዜግነት" የሚል ነገር በስልክህም፣ በሰውም ሊመጣብህ ይችላል። ያላነበብከውን የሩሲያኛ ወረቀት አትፈርም። ማንም ቢያዋክብህ፣ "ነገ እመጣለሁ" ብለህ ውጣ። ሥራ ከፈለግክ፣ ዕውቅና ባለው ተቋም በመደበኛ የምትማር ከሆንክ ከ2020 ጀምሮ ያለ ሥራ ፈቃድ በሕግ መሥራት ትችላለህ፣ ግን ለውጭ ተማሪዎች ቢሮ አሳይተህ።

ዘረኝነት የለም አልልህም። አፍጥጦ የሚያይህ አለ፣ የሚሳደብ ሰካራምም አለ። ማታ ብቻህን አትዙር፣ የእግር ኳስ ደጋፊ ሲወጣ ዞር በል። አደጋ ከሆነ 112፣ አምቡላንስ 103።

11. ለእረፍት ስትመጣ

ብዙ ጊዜ የሚያስገባ የሚያስወጣ ቪዛ እጅህ ላይ ሳይኖር ትኬት አትቁረጥ። ለቢሮው ንገር፣ ለኮሜንዳንቷ ንገር፣ ክፍልህን አጽዳ።

ሻንጣህን ይዘህ ልትወጣ ስትል ደግሞ አንድ ደቂቃ ተቀመጥ። ልማድ ነው፣ መንገደኛ ሳይቀመጥ አይወጣም። እኔ ለመጀመሪያው እረፍት ስወጣ ታክሲው እየጠበቀኝ፣ ቫኽቲዮርሻዋ ሹራቧን አስቀምጣ "ወዴት! ተቀመጥ!" ብላ ጮኸችብኝ። ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ እሷም ተቀመጠች፣ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ተነሳችና "በል ሂድ" አለችኝ፣ ሰኔ ላይ ነው፣ ውጭ ፀሐይ ነው፣ "ሻፕካህን ይዘሃል?"